ከፋዩ ሳይመጣ የሚሰጥ ድምፅ፦ የአሜሪካ የውሃ ዲስትሪክቶች ቦንድና የመሬት ባለቤቶች ምርጫ

በሂዩስተን ወይም በዳላስ ዳርቻ በቅርብ ዓመታት በተቆረቆሩ ሰፈሮች ቤት የገዛ ሰው የንብረት ግብር ወረቀቱ ሲደርሰው፣ ከካውንቲውና ከትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ግብር ጎን አንድ ተጨማሪ መስመር ያያል። ይህ መስመር በአጭር ስሙ «መድ» እየተባለ የሚጠራው የማዘጋጃ አገልግሎት ዲስትሪክት የሚያስከፍለው ግብር ነው። መጠኑ ከሰፈር ሰፈር ቢለያይም፣ በአዳዲስ ሰፈሮች በቤቱ ግምት በየመቶ ዶላሩ ወደ አንድ ዶላር የሚጠጋ ክፍያ መጣሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ለምሳሌ 350 ሺህ ዶላር በተገመተ ቤት ላይ በየመቶ ዶላሩ 90 ሳንቲም ቢጣል፣ ቅናሽ ከሌለ በቀር ባለቤቱ በዓመት 3,150 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚውለው ለውሃ መስመር፣ ለፍሳሽ ማስወገጃና ለጎርፍ መውረጃ ግንባታ የተወሰደውን የቦንድ ዕዳ ለመመለስ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንም ይህን ግብር ከጎረቤቶቻቸው እኩል ይከፍላሉና፣ ዕዳውን ማን ተስማምቶበት እንደተወሰደ ማወቅ ይገባቸዋል።

በሕግ ዓይን መልሱ አጭር ነው፤ መራጮች በድምፃቸው አጽድቀውታል። ይሁን እንጂ ያ ምርጫ በተካሄደበት ቀን ሰፈሩ ገና የግጦሽ ሜዳ ወይም የእርሻ ማሳ ነበር። ቤት አልተሠራም፣ መንገድ አልተነጠፈም፣ ዛሬ ግብሩን ከሚከፍሉት ሰዎች አንዱም በቦታው አልነበረም። በአሜሪካ ስለ ውሃ ዲስትሪክቶች ምርጫ የሚደረገው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ያተኮረው ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው በሚለው ላይ ነው፤ መሬት ያለው ብቻ ወይስ ነዋሪው ሁሉ? ይህ ጥያቄ ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። እኔ ግን ድምፁ መቼ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ የዚያኑ ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከታሪኩ ተነሥቼ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውሃ ዲስትሪክት ማለት በግዛቱ ሕግ የተቋቋመ፣ ወሰን የተከለለለት፣ በቦርድ የሚመራ፣ ግብር ወይም መዋጮ የመጣልና ቦንድ የመሸጥ ሥልጣን የተሰጠው አነስተኛ የመንግሥት አካል ነው። ቦንድ ሲሸጥ ባለሀብቶች ዛሬ ገንዘባቸውን ያበድራሉ፤ ዲስትሪክቱ ደግሞ ዋናውንና ወለዱን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዓመት በሚዘልቅ ጊዜ ከፍሎ ይጨርሳል። ለአበዳሪው ዋስትና የሚሆነው ወይ ዲስትሪክቱ በወሰኑ ውስጥ ባለው ንብረት ላይ ግብር የመጣል ሥልጣኑ ነው፣ ወይም ውሃና መብራት ሸጦ የሚያገኘው ገቢ ነው። ዋስትናው የቱ እንደሆነ ሲታወቅ ዕዳው በመጨረሻ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍም አብሮ ይታወቃል።

የካሊፎርኒያ መስኖ ታሪክ የተጀመረው በመሬት ባለቤቶች ምርጫ ሳይሆን በተቃራኒው መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1887 የወጣውና ራይት አክት የሚባለው ሕግ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ መራጮች ሁሉ፣ መሬት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም፣ የመስኖ ዲስትሪክት እንዲያቋቁሙና ቦንድ እንዲያጸድቁ ፈቀደ። በዚያ ዘመን የሳን ዋኪን ሸለቆ ሰፋፊ መሬቶች በዝናብ ስንዴ የሚያመርቱና ከብት የሚያረቡ ጥቂት ባለጸጎች ነበሩ። የከተማዎቹ ነጋዴዎችና ትንንሽ ገበሬዎች ግን ቦይ ተቆፍሮ ውሃ ቢገባ መሬቱ ተሸንሽኖ ብዙ ቤተሰብ ሊያኖር እንደሚችል ያምኑ ነበር። የነዋሪው ድምፅ ለእነሱ መሣሪያ ሆነላቸው፤ ቦንዱን ያጸድቃሉ፣ ለቦንዱ የሚጣለው መዋጮ ደግሞ በሰፋፊው መሬት ላይም ያርፋል። ባለጸጎቹ ንብረታችን ያለ ፈቃዳችን ተወሰደ ብለው ቢከሱም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 ፎልብሩክ በተባለው ዲስትሪክት ጉዳይ ሕጉን አጸናው። ከመጀመሪያዎቹ ዲስትሪክቶች አብዛኞቹ በገንዘብ እጦትና በክስ ብዛት ቢፈርሱም፣ ቱርሎክና ሞዴስቶ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። የሚከፍለውን ባለመሬት የማይከፍለው ነዋሪ በድምፁ ብልጫ ዕዳ ውስጥ ሊከተው ይችላል የሚለው ስጋት ከዚህ ዘመን ጀምሮ በሕግ አውጪዎች ዘንድ ሥር ሰደደ፤ ሐሰትም አልነበረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የወጡት የውሃ ዲስትሪክትና የውሃ ማከማቻ ዲስትሪክት ሕጎች ድምፅን ከነዋሪነት ነጥለው በመሬት መጠን ወይም በመሬት ግምት የለኩትም ይህን ስጋት ይዘው ነው።

ከዚያ በኋላ የአንድ ሰው አንድ ድምፅ ዘመን መጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ይህን መርሕ ለግዛት ምክር ቤቶች፣ በ1968 ደግሞ ለካውንቲ አስተዳደሮች ካጸና በኋላ፣ የቦንድ ምርጫዎች ተራ ደረሰ። በ1969 በሉዊዚያና የምትገኘው የሁማ ከተማ ጉዳይ ተወሰነ፤ ከተማዋ የመብራት፣ የውሃና የጋዝ አገልግሎቷን ለማስፋፋት በቦንድ ስትበደር፣ ድምፅ እንዲሰጡ የተፈቀደላቸው የንብረት ግብር ከፋዮች ብቻ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ዕዳው የሚከፈለው ከአገልግሎቱ ክፍያ ነው፣ ክፍያውን ደግሞ ተከራዩም ባለቤቱም ይከፍላል ብሎ ገደቡን ሻረ። በቀጣዩ ዓመት በፊኒክስ ከተማ ጉዳይ፣ በንብረት ግብር የሚከፈል ቦንድ ቢሆን እንኳ ግብሩ በኪራይ ውስጥ ገብቶ ተከራዩ ዘንድ ይደርሳል በማለት ያንኑ ደገመ። በ1975 ደግሞ ተራው የቴክሳሷ ፎርት ዎርዝ ሆነ። ከተማዋ በ1972 ባካሄደችው ምርጫ ንብረታቸውን ለግብር ያስመዘገቡ ሰዎች ድምፅ በተለየ ሣጥን ይሰበሰብ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ግንባታ ቦንድ በጠቅላላው ድምፅ አልፎ፣ በንብረት አስመዝጋቢዎቹ ሣጥን በመውደቁ ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ይህንንም አሠራር አልተቀበለውም።

እነዚህን ሦስት ፍርዶች የሚያስተሳስራቸው፣ በሕግ ግብሩ የተጣለበትን ሰው ስም ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ በእርግጥ ከማን ኪስ እንደሚወጣ መመርመራቸው ነው። ይህን ይዘን ስንሄድ፣ ያው ፍርድ ቤት ለውሃ ዲስትሪክቶች የከፈተው ልዩ በር የበለጠ ያስገርማል።

የበሩ ስም የቱላሪ ሐይቅ ተፋሰስ የውሃ ማከማቻ ዲስትሪክት ነው። በካሊፎርኒያ ኪንግስ ካውንቲ አካባቢ የሚገኘው ይህ ሐይቅ አንድ ጊዜ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምዕራብ ካሉት ጨው አልባ ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጥ ነበር። ወንዞቹ ተገድበው ወለሉ ወደ ጥጥ እርሻነት ከተለወጠ በኋላ የዲስትሪክቱ ስፋት 193 ሺህ ኤከር፣ ማለትም ወደ 78 ሺህ ሄክታር፣ የነዋሪዎቹ ቁጥር ግን 77 ብቻ ነበር፤ ከነዚህም 18ቱ ሕፃናት ናቸው። ድምፅ የሚሰጡት ባለመሬቶች ብቻ ሲሆኑ፣ የመሬት ግምት በየ100 ዶላሩ አንድ ድምፅ ያስገኛል። አራት ኩባንያዎች ወደ 85 በመቶ የሚጠጋውን መሬት ያርሱ ነበር። ከአራቱ ትልቁ ጄ. ጂ. ቦስዌል የተባለው ኩባንያ 37,825 ድምፅ ነበረው፤ ይህም የቦርዱን አብላጫ መቀመጫ ብቻውን ለመምረጥ ይበቃዋል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በስድስት ድምፅ ለሦስት ይህን አሠራር ሕጋዊ ነው አለው። ብይኑን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ሬንኩዊስት ናቸው። ዲስትሪክቱ ትምህርት ቤት የለውም፣ ፖሊስ የለውም፣ መንገድ አይሠራም፤ ሥራው ውሃ አከማችቶ ለእርሻ ማከፋፈል ብቻ ነው፤ ወጪውም ባገኙት ጥቅም ልክ በመሬቶቹ ላይ ይደለደላል፤ ስለዚህ ሸክሙን የሚሸከመው ባለመሬት ብቻውን ቢወስን አይነቀፍም የሚል ነው መከራከሪያቸው። መከራከሪያው ለእኛ ባዕድ አይደለም። በሀገራችን በባህላዊ መስኖ በሚለሙ መንደሮች ተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት የሚመርጡት ማሳቸውን ከቦዩ የሚያጠጡ አራሾች ናቸው፤ ከዚያ ቦይ የማያጠጣ ሰው ለምን አልመረጥኩም ብሎ ሲከራከር አይሰማም። ልዩነቱ አራሾቹ ሰው ለሰው መመካከራቸው ሲሆን፣ በቱላሪ ግን ድምፁ የተቆጠረው በዶላር ነው።

ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ያስመዘገቡት የልዩነት ሐሳብ ከብይኑ ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ውሃው በእርግጥ ምን እንዳደረገ ይተርካል። በ1969 ከባድ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ውሃውን ወደ ቡዌና ቪስታ የሐይቅ ወለል የማዞር ሐሳብ ለቦርዱ ቀርቦ ነበር። ቦርዱ ስድስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሐሳቡን አቆየው። ዳግላስ እንደጻፉት ምክንያቱ ቦስዌል በዚያ ወለል ላይ የረጅም ጊዜ የእርሻ ኪራይ ስለነበረው፣ ውሃው ቢገባ የሚቀጥለው ወቅት ሰብል ይስተጓጎል ስለነበር ነው። ከከሳሾቹ አንዱ የእርሻ መሬት የሌለው፣ ስለዚህም ድምፅ የሌለው ነዋሪ ሲሆን፣ ቤቱ ከጎርፉ ከፍታ በ15 ጫማ ተኩል ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። የዲስትሪክቱ ሥራ የሚነካው ባለመሬቱን ብቻ ነው የሚለው መነሻ በዚህ አንድ ቤት ይፈርሳል። ወጪው በመሬት ላይ ተደልድሏል፤ ጉዳቱ ግን በመሬት ልክ አልተደለደለም። ሐይቁ በ2023 ዳግመኛ ሞልቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኤከር እርሻ ሲያጥለቀልቅ፣ ውሃው በማን መሬት ላይ ይረፍ የሚለው ሙግት እንደገና ተነሥቷል።

በ1981 በሩ ይበልጥ ተከፈተ። የአሪዞናው ሶልት ሪቨር ፕሮጀክት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፊኒክስ ሸለቆ ገበሬዎች መሬታቸውን ለመንግሥት ብድር አስይዘው የሩዝቬልትን ግድብ ለማሠራት የመሠረቱት ማኅበር ውላጅ ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ማኅበሩ ዕዳው ሲከብደው፣ ወለዱ ከግብር ነፃ የሆነ ቦንድ ለመሸጥ እንዲችል በ1937 ዲስትሪክት ተቋቋመ። ድምፁ በአብዛኛው በኤከር ይለካል፤ ሩብ ኤከር ያለው ሩብ ድምፅ አለው፤ ተከራይ ድምፅ የለውም። እርሻው በከተማ ሲተካ ተቋሙ ከታላላቅ የመብራት አቅራቢዎች አንዱ ሆነ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት በደረሰበት ጊዜ ከገቢው 98 በመቶው ከመብራት ሽያጭ ይገኝ ነበር። ቦንዱ የሚከፈለው መብራት ከሚገዛው ሕዝብ ነው። በሁማ ከተማ ሎጂክ ብንሄድ ሸማቹ ሁሉ ድምፅ ሊኖረው በተገባ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ መብራቱ የውሃ ሥራው ተቀጽላ ነው ብሎ በኤከር የሚቆጠረውን ምርጫ አጸናው። በእኔ እምነት ይህ ፍርድ ስህተት ነው፤ የቱላሪው ብይን የቆመበት ከፋዩ ባለመሬቱ ነው የሚለው ምሰሶ እዚህ የለም። ዛሬ ተቋሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኞች ሲኖሩት፣ ድምፅ የሚሰጡት ግን ዛሬም በጥንቱ ወሰን ውስጥ መሬት ያላቸው ናቸው።

ባለመሬቶች ለራሳቸው ሲወስኑ ቢያንስ ገንዘቡ የራሳቸው ስለሆነ ይጠነቀቃሉ የሚል ክርክር ይሰማል። ከ600 ሺህ ኤከር በላይ የሚሸፍነውና በመሬት ግምት የሚመረጠው የካሊፎርኒያው ዌስትላንድስ ዲስትሪክት ታሪክ ይህን አያረጋግጥም። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በ2016 ዲስትሪክቱ በ2012 ሰባ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሲሸጥ የፋይናንስ አቋሙን አሳምሮ በማቅረብ ባለሀብቶችን አሳስቷል በማለት 125 ሺህ ዶላር ቀጥቶታል። የሒሳብ ማስተካከያ የተደረገበት ዓላማ በአባላቱ ላይ የውሃ ዋጋ ላለመጨመር ነበር። መራጩ ራሱ ከፋይ ሲሆን ክፍያውን ለማዘግየት የሚገፋፋው ምክንያት እንደሚኖረው መርሳት አይገባም።

አሁን ወደ ቴክሳስ እንመለስ። ቴክሳስ በወረቀት ላይ የአንድ ሰው አንድ ድምፅ መርሕን አልጣሰም፤ በመድ የቦንድ ምርጫ የሚሳተፈው በዲስትሪክቱ ወሰን ውስጥ የሚኖር የተመዘገበ መራጭ ነው፤ መሬት ይኑረው አይኑረው አይጠየቅም። ግን መድ የሚቋቋመው መሬቱ ገና ባዶ ሳለ ነው። አብዛኛውን የመሬቱን ዋጋ የያዙ ባለመሬቶች፣ ብዙውን ጊዜ አንድ የሪል ስቴት አልሚ ድርጅት ማለት ነው፣ ለግዛቱ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን አቤቱታ ያቀርባሉ። ከዚያ አምስት የቦርድ አባላት ይሰየማሉ። የቦርድ አባል በዲስትሪክቱ መኖር ወይም ግብር የሚከፈልበት መሬት እዚያ መያዝ ስላለበት፣ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ቁራሽ መሬት በስማቸው ይዛወርላቸዋል። መራጭም መገኘት አለበት። ለዚህም ተጎታች ቤት ወደ ሜዳው ይመጣል፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ጥቂት ሰዎች ይገቡበታል፤ በቴክሳስ የመራጭነት ምዝገባ ለመጽናት 30 ቀን ስለሚፈልግ ቢያንስ ያን ያህል ይቆያሉ። በምርጫው ቀን እነዚህ ጥቂት ሰዎች ዲስትሪክቱን ያጸናሉ፣ ቦርዱን ይመርጣሉ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ቦንድም እንዲሸጥ ይፈቅዳሉ። ከዚያ ብዙዎቹ ይሄዳሉ።

ይህ እንግዲህ የመሬት ባለቤት ምርጫ ካልሆነ ምን ሊባል ይችላል? ባለመሬቱ ራሱ ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፅ የሚሰጠውን ሰው ግን ይመርጣል። ቱላሪ ላይ ቢያንስ ድምፅ የሰጠው ከፋዩ ነበር። እዚህ ድምፅ ሰጪው አይከፍልም፤ ከፋዩም ድምፅ አልሰጠም።

የመኖሪያ ጥያቄው ሕግ ባወጣው ሚዛን እኩል አለመለካቱም መነገር አለበት። ከሂዩስተን በስተ ሰሜን በሚገኘው ውድላንድስ፣ ወሰኑ ነዋሪ እንዳይኖርበት ተደርጎ የተከለለ ለማለት በሚያስደፍር አንድ የመንገድ ዲስትሪክት ውስጥ፣ በ2010 ምርጫ አሥር ሰዎች የአንድ ሆቴል አድራሻ በመኖሪያነት አስመዝግበው ድምፅ ሰጡ፤ ዓላማቸው የዲስትሪክቱን ዕዳ የሚቃወም ቦርድ ማስመረጥ ነበር። አሸነፉም። ፍርድ ቤት ግን ድምፃቸውን ሰረዘው፤ የግዛቱ ዐቃቤ ሕግም ከመካከላቸው የተወሰኑትን ሕገ ወጥ ድምፅ በመስጠት ከሰሰ፤ የተፈረደባቸውም ነበሩ። ያደረጉት ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ዕዳን ለማጽደቅ ለጥቂት ሳምንታት ተጎታች ቤት ውስጥ መክረም ነዋሪነት ከሆነ፣ ዕዳን ለመቃወም ሆቴል ማደር ወንጀል የሚሆንበት ምክንያት ለተራ ዜጋ በቀላሉ የሚገባ አይደለም።

ለመድ አሠራር የሚቆሙ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት በደንብ ሊሰማ ይገባዋል። አልሚው የውሃና የፍሳሽ መስመሩን በመጀመሪያ የሚዘረጋው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ዲስትሪክቱ ቦንድ ሸጦ የሚተካለት ቤቶቹ ተሠርተው ግብር የሚከፈልበት ሀብት ከተፈጠረ በኋላ ነው፤ ሰፈሩ ባይሸጥ የሚከስረው እሱ ነው። ያሉት ከተሞች ነዋሪዎች ለአዲሱ ሰፈር ቧንቧ አይከፍሉም። የቤቱም የመሸጫ ዋጋ የመሠረተ ልማቱን ወጪ በአንድ ጊዜ ስለማይሸከም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህም መጠነኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ፣ ለስደተኛውም ጭምር፣ የቤት ባለቤትነትን በር ከፍቷል። በተጨማሪም በምርጫ የጸደቀው መጠን ጣሪያ እንጂ ወዲያው የሚወሰድ ዕዳ አይደለም፤ እያንዳንዱን የቦንድ ሽያጭ የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ፣ አብዛኛውንም የአካባቢ ጥራት ኮሚሽኑ ይመረምራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቧንቧው ያስፈልጋል፤ ቧንቧ ደግሞ ያለ ብድር አይዘረጋም።

ቅሬታዬ በብድሩ ላይ ሳይሆን የአንድን ቀን ፈቃድ ለሠላሳ ዓመታት በሚመነዝረው አሠራር ላይ ነው። ባዶ መሬት ላይ የሚሰጥ ድምፅ የመጀመሪያውን ቧንቧ ለመዘርጋት የሚበቃውን ያህል ቢፈቅድና የቀረው መጠን ነዋሪዎች ከገቡ በኋላ ለእነሱ ድምፅ ቢቀርብ፣ አልሚው ሊያጣው የሚችለው ነገር ይኖራል። መናፈሻና መዝናኛ የመሳሰሉት ተጨማሪ ሥራዎች ግን ሰፈሩ ሰው እስኪኖርበት ቢጠብቁ የሚጎዳ ሰው የለም። ባለመሬቶች በድምፅ ብልጫ ያጸደቁት ዕዳ በሌላ ሰው ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲደርስ የሚናገርበት ሁለተኛ ምርጫ መኖር አለበት፤ ፍርድ ቤቱ በፊኒክስ ጉዳይ ስለ ተከራዩ ያለው ለቤት ገዢውም ይሠራል።

እስከዚያው ድረስ የቴክሳስ ሕግ ለገዢው የሰጣቸው መብቶች አሉ፤ ሳይታወቁ መቅረታቸው ያሳዝናል። ሻጩ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለገዢው የዲስትሪክት ማስታወቂያ መስጠት አለበት። በማስታወቂያው ላይ የግብሩ መጠን፣ በምርጫ የጸደቀው ጠቅላላ ቦንድና እስካሁን የተሸጠው ቦንድ ለየብቻ ይጻፋሉ። በሁለቱ የቦንድ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ገና ሊመጣ የሚችለው ዕዳ ነው፤ በርካታ ወረቀት በሚፈረምበት ቀን መሐል ተደርቦ የሚያልፈው ይህ ገጽ ከቤቱ ዋጋ ቀጥሎ ሊነበብ የሚገባው ነው። ቦርዱ ብዙ ጊዜ ስብሰባውን የሚያካሂደው ከሰፈሩ ርቆ በሚገኝ የሕግ ቢሮ ነው፤ ነገር ግን በዲስትሪክቱ የሚኖሩ አምስት መራጮች በጽሑፍ ቢጠይቁ ስብሰባው በወሰኑ ውስጥ እንዲደረግ የሚያስችል ድንጋጌ በውሃ ሕጉ ውስጥ አለ። የቦርድ ምርጫ በአብዛኛው ጎዶሎ ባልሆኑት ዓመታት በግንቦት ወር ይደረጋል፤ ተፎካካሪ ካልቀረበ ግን ምርጫው ሊሰረዝና ነባሮቹ ባሉበት ሊቀጥሉ ይችላሉ። ያልተሸጠውን ቦንድ የመሸጥም ሆነ የማዘግየት ሥልጣን የዚህ ቦርድ ስለሆነ፣ ተጎታች ቤቱ ውስጥ የተሰጠው ድምፅ መሻር ባይችል እንኳ የሚቀጥለው ቦንድ መቼና ምን ያህል ይሸጥ የሚለውን ሰፈሩ ውስጥ የሚኖር ሰው ቦርዱ ውስጥ ገብቶ ሊወስን ይችላል።